በነጩ ቤት የፈረሰው ግድግዳ

ቤት ያለው ሰው ቤቱን ሲያድስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመኘው ስፋትን ነው። ቤተ ሰቡ በዝቶ፥ እንግዳው በርክቶ፥ ማዕዱ ጠቦ ሲያይ በሁለት ክፍሎች መካከል የቆመውን ግድግዳ ይመለከትና «ይህ ባይኖር ኖሮ» ይላል። ግድግዳውም ዝም ብሎ የቆመ ነገር ስለ ሆነ መልስ አይሰጥም። ክፍል ለመለየት ብቻ የቆመ ይሁን፥ ወይም የላዩን ወለልና የጣራውን ክብደት ተሸክሞ የቆመ ይሁን፥ ፊቱ በኖራ ከተለሰነ በኋላ በዓይን አይለይም። በባላገር ክብ ቤት መካከል ያለውን ምሰሶ «ስፍራ ያዘብኝ» ብሎ የሚቈርጥ ሰው የለም፤ ሥራው ለሕፃንም ይታያልና። በድንጋይና በሸክላ የተሠራ ባለ ደርብ ቤት ግን ምሰሶውን በግድግዳው ውስጥ ሰውሮ ይይዛል።

ይህን ነገር ከማናቸውም ቤት ይልቅ ገልጦ የሚያሳየው፥ በዋሽንግተን ከተማ ያለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች መኖሪያ፥ ዋይት ሐውስ ወይም ነጩ ቤት የሚባለው ሕንፃ ነው። በ1902 ዓ.ም. በዚህ ቤት ውስጥ የግብሩን አዳራሽ ለማስፋት ሲባል አንድ ግድግዳ ፈረሰ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የአገሩ መሪ ቤቱ በላያቸው እንዳይወድቅ ተፈርቶ ከነቤተ ሰባቸው ተነሥተው በማዶ ባለ ሌላ ቤት ተቀመጡ። በእነዚህ አርባ ስድስት ዓመታት መካከል የሆነው ነገር የአንድ ሰው ጥፋት ተብሎ ቢነገርም፥ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት እንዲህ ቀላል አይደለም። ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጠ ነው።

ቤቱን የነደፉት ጄምስ ሆባን የሚባሉ በአየርላንድ አገር የተወለዱ የሕንፃ ሊቅ ነበሩ። የመሠረቱ ድንጋይ በኦክቶበር 13 ቀን 1792 ዓ.ም. ተጣለ፤ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በ1800 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር፥ ሥራው ገና ሳይፈጸም፥ ገቡበት። የውጭው ግድግዳ በቨርጂኒያ አገር ከአኳያ ከተቈፈረ ድንጋይ ተሠርቶ በውስጥ በኩል በሸክላ ተደገፈ። ድንጋዩን ያለዘቡት ከስኮትላንድ የመጡ ጠራቢዎች ነበሩ። ከድንጋይ መቈፈሪያው ጀምሮ እስከ እንጨት መሰንጠቂያው ድረስ በከባዱ ሥራ ከደከሙት መካከል ግን ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ ጥቍሮች ነበሩ፤ የድካማቸውንም ዋጋ የተቀበሉት ጌቶቻቸው ናቸው። በውስጥ የቆሙት ወፍራም የሸክላ ግድግዳዎች ወለሉን የያዙትን ታላላቅ አግዳሚ እንጨቶች ተቀብለው ክብደቱን ወደ መሬት ያወርዱ ነበር።

በኦገስት 24 ቀን 1814 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ዋሽንግተንን ይዞ ቤቱን አቃጠለው። እንጨት የሆነው ሁሉ ነደደ፤ የውጭው ግድግዳ ግን ጠቍሮ ቆሞ ቀረ። ሆባን ራሳቸው ተመልሰው፥ በእሳቱ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በብዙ ስፍራ አፍርሰው እንደ ገና ሠሩት፤ ፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮም በ1817 ዓ.ም. ገቡበት። ሥራው በችኰላ ስለ ነበረ፥ በፊት በሸክላ ከነበረው የውስጥ መከፋፈያ አንዳንዱ በእንጨት ተተካ። ይህም ትንሽ ነገር መስሎ ታለፈ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱን የጐዳው እሳት ሳይሆን ምቾት ነው። በ1833 ዓ.ም. የቧንቧ ውሃ ገባ፤ በ1848 ዓ.ም. የጋዝ መብራት፥ በ1891 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መብራት ተከተለ። የማሞቂያ ቱቦም እየተጨመረ ሄደ። ቧንቧ የሚዘረጋ ሠራተኛ አግዳሚ እንጨት ሲያጋጥመው፥ ዞሮ ከመሄድ ይልቅ እንጨቱን መብሳት ወይም ጐኑን መሸርከት ይቀለዋል። ከዓመታት በኋላ ሌላው መጥቶ ከአጠገቡ ሌላ ቀዳዳ ይበሳል። እያንዳንዱም ሥራውን ፈጽሞ፥ ወለሉን መልሶ ሸፍኖ፥ ደመወዙን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ቀዳዳው ግን ሁሉ በወለሉ ሥር ተሰብስቦ ይቀራል።

በ1901 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ማኪንሌይ በነፍሰ ገዳይ እጅ ሞተው ቴዎዶር ሩዝቬልት በስፍራቸው ሲተኩ፥ ከስድስት ልጆቻቸው ጋራ ወደ ነጩ ቤት ገቡ። ያን ጊዜ ከላይኛው ደርብ ከፊሉ ጽሕፈት ቤት ስለ ነበረ ባለጕዳዩና ጸሓፊው ከቤቱ ልጆች ጋራ ይጋፋ ነበር። የግብሩ አዳራሽም ለታላቅ መንግሥት የማይመጥን ጠባብ ነበረ፤ 40 ያህል ሰው ብቻ ያስቀምጥ ነበርና እንግዳ ሲበዛ ማዕዱን በሌላ ስፍራ መዘርጋት ግድ ይሆን ነበር። ሩዝቬልት የኒው ዮርኩን የሕንፃ ሊቅ ቻርልስ ማኪምን አስጠሩ። ገንዘቡ ከምክር ቤቱ ተፈቀደ፤ ጊዜው ግን እጅግ አጠረ። ያን የሚያህል ሥራ በ1902 ዓ.ም. በክረምቱ ወራት ተጀምሮ በዚያው ዓመት መፈጸም ነበረበት።

ማኪም ጽሕፈት ቤቶቹን ከመኖሪያው አውጥተው በምዕራብ በኩል ወደ ተሠራ ሌላ ሕንፃ አዛወሩ። በመተላለፊያው ምዕራብ ጫፍ የነበረውን ሰፊ ደረጃ አነሡ፤ በደረጃውና በግብሩ አዳራሽ መካከል የቆመውንም የሸክላ ግድግዳ አፍርሰው ስፍራውን ከአዳራሹ ጋራ አንድ አደረጉት። ከ100 የሚበልጥ ሰው በአንድነት የሚመገብበት አዳራሽ ተገኘ። ዙሪያው በተቀረጸ የኦክ እንጨት ተለበጠ፤ ሩዝቬልትም አዳኝ ስለ ነበሩ የአራዊት ራስ ሰቀሉበት። ያየ ሁሉ አደነቀ፤ ሊደነቅም ይገባው ነበር።

የፈረሰው ግድግዳ ግን ተሸካሚ ነበረ።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት የሕንፃ ጥበብ ያስፈልጋል። የወለል አግዳሚ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይጋደማል። በመካከል የሚቀበለው ግድግዳ ሲነሣ፥ በሁለት ጫፎቹ ብቻ ተደግፎ የሚሻገረው ርቀት ይረዝማል። ሰው በየዋህነት ሲገምተው ርቀቱ እጥፍ ቢሆን መጕበጡም እጥፍ የሚሆን ይመስለዋል። ነገር ግን ውፍረቱ ያው የሆነ አግዳሚ፥ በየሜትሩ ያው ክብደት ቢጫንበት፥ ርዝመቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን መጕበጡ 16 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ተሸካሚ ግድግዳ የሚያነሣ ሰው ከሁለት አንዱን ማድረግ ግድ ነው፤ ይኸውም በግድግዳው ስፍራ ጠንካራ ብረት አጋድሞ ጫፎቹን መሠረት ባለው ዓምድ ላይ ማሳረፍ፥ አለዚያም ክብደቱን በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ግድግዳ መላክ ነው። ግድግዳው ተሸካሚ መሆን አለመሆኑን ለመለየትም ከላይ ያለው አግዳሚ በየት አቅጣጫ እንደ ተጋደመ፥ በላዩ ሌላ ግድግዳ መቆም አለመቆሙ፥ በሥሩም መሠረት መኖር አለመኖሩ ይመረመራል።

ማኪም ይህን የማያውቁ ሰው አልነበሩም። በአዳራሹ መካከል ዓምድ ማቆም ግን አልፈለጉም፤ ዓምድ ከቆመማ ምኑ ተስፋፋ! ስለዚህ የላይኛውን ወለል ከታች በመደገፍ ፈንታ ከላይ እንዲንጠለጠል አደረጉት፤ ከጣራው ሥር ካለው ማያያዣም በብረት ዘንግ ተያዘ። ሸክሙ ወደ ላይ ወጥቶ፥ በጣራው ሥር ተሻግሮ፥ በቀሩት አሮጌ ግድግዳዎች በኩል ወደ መሬት ወረደ። ከታች ተቀምጦ ለሚበላው እንግዳ ከዚህ ሁሉ አንዳች አይታየውም ነበር።

ይህ በራሱ ብልሃት እንጂ ወንጀል አይደለም። ክፋቱ ያለው ሸክሙ የሚሄድበት መንገድ እንግዳ በመሆኑ ነው። ግድግዳ የተሸከመውን ነገር ቢያንስ በሥፍራው ቆሞ ይሸከማል፤ የሚነካውም ሰው ሲነካው ያያል። ከጣራ የተንጠለጠለ ወለል ግን ኋላ የሚመጣው ሰው ጣራውን ሲያድስ ከሥሩ ምን እንደ ተሰቀለ ካልጠየቀ በቀር አይታወቅም።

ኋላ የሚመጣውም ሰው መጣ። ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ በነበሩበት ዘመን ጣራው ደክሟል ተብሎ በ1927 ዓ.ም. ተነሣ። ቤተ ሰቡ ለጊዜው በከተማው ውስጥ በሌላ ቤት ተቀመጡ። በአሮጌው የእንጨት ጣራ ፈንታ የብረት ጣራ ተሠራ፤ ከጣራው ሥር ዕቃ ይቀመጥበት የነበረው ስፍራም ተስፋፍቶ፥ ወለሉ በብረትና በሲሚንቶ ተሠርቶ፥ ሙሉ ሦስተኛ ደርብ ሆነ። አዲሱ ደርብ ለብቻው ሲታይ እጅግ ጠንካራ ነበረ። ነገር ግን ብረቱም ሲሚንቶውም ያረፈው ሆባን ለእንጨት ጣራ ባቆሟቸው የሸክላ ግድግዳዎች ላይ ነው፤ እነርሱም በለስላሳ ጭቃማ መሬት ላይ የቆሙ ነበሩ። የ1902 ሠራተኞች ከታች የነበረውን ሸክም ወደ ላይ ልከውት ነበር፤ የ1927 ሠራተኞች ደግሞ ከላይ አዲስ ሸክም ጨመሩበት። በዚህ ፍርድ ከተሰጠ፥ ማኪምን ብቻ የሚወቅሱት ሰዎች ከጥፋቱ ግማሹን ረስተዋል።

ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በ1945 ዓ.ም. ወደ ቤቱ በገቡ ጊዜ ወለሉ ከእግራቸው በታች ሲንቀሳቀስ ይሰማቸው ጀመር። በታች ባለው በሰማያዊው አዳራሽ የተሰቀለው ታላቅ የመብራት ዘለላ፥ በላዩ ሰው ሲራመድ ይወዛወዝና ይንቃጨል ነበር። የመታጠቢያ ገንዳቸውም ወደ ወለሉ መስመጥ ያዘ። ትሩማን ቀልድ የሚወዱ ሰው ስለ ነበሩ፥ ከታች የተከበሩ ወይዛዝርት ተሰብስበው ሳለ እርሳቸው ከነገንዳቸው በመካከላቸው ቢወርዱ ምን እንደሚሆን እያሰቡ ይሥቁ ነበር ይባላል። በ1948 ዓ.ም. በክረምቱ ወራት ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የልጃቸው የማርጋሬት ፒያኖ አንድ እግሩ ወለሉን በስቶ ገባ።

መሐንዲሶች ተጠርተው ልስኑን ሲገልጡ፥ የመቶ ዓመት ቀዳዳ ሁሉ ባንድ ጊዜ ታየ። አግዳሚዎቹ ለውሃ፥ ለጋዝ፥ ለመብራት ሲባል ተበስተውና ተሸርክተው፥ አንዳንዱ የቀረው እንጨት ጥቂት ብቻ ነበረ። የውስጡ የሸክላ ግድግዳ ተሰነጣጥቋል፤ ወደ መሬትም ሰምጧል። በግብሩ አዳራሽ በኩል የተንጠለጠለው ወለል ወርዷል። የላይኛው ወለል የቆመው በኀይል ሳይሆን በልማድ ብቻ ነው የተባለው ያን ጊዜ ነው። ለጊዜው ድጋፍ ተደገፈ፤ ዓመቱ የምርጫ ዓመት ነበረና የጉዳቱ ልክ እስከ ምርጫው ድረስ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቈየ። ትሩማን አሸንፈው ሲመለሱ፥ በኖቬምበር 1948 ዓ.ም.፥ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ብሌር ሐውስ ወደሚባለው ቤት ተዛወሩ።

ብሌር ሐውስ በመንገድ ዳር ያለ፥ ለጠባቂ የማይመች ቤት ነው። በኖቬምበር 1 ቀን 1950 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች ፕሬዚዳንቱን ለመግደል በደጁ ተኵስ ከፈቱ። ትሩማን ዳኑ፤ ከጠባቂዎቹ አንዱ ሌስሊ ኮፌልት ግን በቍስሉ ሞተ። የቤት እድሳት ታሪክ ሲጻፍ ይህን ሰው የሚያነሣው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ቤቱ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ በዚያን ቀን በዚያ ደጅ ቆሞ ባልተገኘም ነበር።

አሁን የቀረው፥ ቤቱ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ነበረ። ሁሉን አፍርሶ ከመሠረቱ አዲስ መሥራት ይረክሳል፥ ይቀላልም የሚሉ ነበሩ። ትሩማንና ጥንቱን የሚያከብሩ ሰዎች ግን ሕዝቡ የሚያውቀው ያን የድንጋይ ግድግዳ ነው፥ ከእሳት የተረፈውን ግድግዳ በሰላም ዘመን ማፍረስ አይገባም አሉ። በ1949 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ለሥራው ጉባኤ አቆመ። ሽማግሌው የቴኔሲ እንደራሴ ኬኔት ማኬላር ሊቀ መንበር ሆኑ፤ የሕንፃ ሊቅና መሐንዲስም ተጨመሩላቸው። ጉባኤውም የውጭው ግድግዳ እንዲቈይ፥ በውስጡ ያለው ሁሉ እንዲወጣ ወሰነ። በጠቅላላው 5 ሚሊዮን 700 ሺህ ዶላር ያህል ወጪ ሆነ።

ሥራው በዲሴምበር 1949 ዓ.ም. ተጀመረ። በሮቹ፥ የግድግዳው ልባጥ እንጨትና የምድጃው እብነ በረድ ተነቅለው፥ ቍጥር ተጽፎባቸው ተከማቹ። ከዚያ በኋላ ወለሉም፥ የውስጡ ግድግዳም፥ የ1927ቱ ሲሚንቶም ወጣ። የውጭው ግድግዳ ግን እንዲሁ ባዶውን ሊቆም አይችልም ነበርና፥ በውስጥ በብረት መደገፊያ ተይዞ፥ ከሥሩ መሬቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተቈፈረ 126 የሲሚንቶ ዓምዶች 7 ሜትር ተኩል ያህል ወርደው እስከ ጠንካራው መሬት ደረሱ። በዚህ ሁሉ መካከል ትሩማን አንድ ነገር አጥብቀው ከለከሉ፤ መሬት የሚገፋውን ታላቅ መኪና ለማስገባት ግድግዳው እንዳይሸነቆር አሉ። ስለዚህ መኪናው በየብልቱ ተፈትቶ በበር ገባና በውስጥ እንደ ገና ተገጠመ። አቢ ሮው የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ያን ጊዜ ያነሣቸው ሥዕሎች ዛሬም አሉ፤ የታወቁት መስኮቶች ከአራቱ ማዕዘን ቆመው፥ በመካከላቸው ክፍል የለ፥ ወለል የለ፥ መሬትና ብረት ብቻ ይታያል። ቤቱ በ1814 ዓ.ም. በእሳት ከሆነው በኋላ እንዲህ ባዶ ሲሆን ሁለተኛው ጊዜ ነው።

በዚያ ባዶ ስፍራ 660 ቶን ብረት ቆመ። ወለሎቹ በብረቱ ላይ ዐረፉ፤ ብረቱም የራሱ መሠረት ስላለው የጥንቱን ግድግዳ ሸክም አይጠይቀውም። በ1950 ዓ.ም. የኮሪያ ጦርነት ስለ ተነሣ ዕቃ ጠፋ፤ ዋጋም ተወደደ፤ ሥራው ዘገየ። ችኰላና የገንዘብ እጥረትም እንደ ገና መጡ። ቍጥር ተጽፎበት ከተከማቸው ጥንታዊ እንጨት ብዙው አልተመለሰም፤ አሮጌውን ከማደስ አዲስ መሥራት ይረክሳል ተባለ። ከፍርስራሹ አንዳንዱ ለጕድጓድ መሙያ ሄደ፤ አንዳንዱም ድንጋይና እንጨት ለመታሰቢያ ለሚፈልግ ሰው ተሸጠ። ኋላ የመጡ የታሪክ ሰዎች በዚህ ትሩማንን ይነቅፏቸዋል፤ ነቀፌታውም ከንቱ አይደለም። ሊንከን የረገጡት ወለል ያለ ብልሃት ተበስቶ ስለ ነበረ ሊቈይ አይችልም ነበር፤ ከወለሉ ጋራ የወጣው የበርና የመስኮት እንጨት ሁሉ ግን እንዲሁ መጥፋት አልነበረበትም። ድንጋዩ ሲገለጥ ከስኮትላንድ የመጡት ጠራቢዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሥራ ለመለየት የቀረጹት ምልክት ተገኘ፤ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በግድግዳው ውስጥ ተሸሽጎ ነበር።

የግብሩ አዳራሽስ? በ1902 ዓ.ም. የፈረሰው ግድግዳ አልተመለሰም። አዳራሹ በዚያው በማኪም ስፋት እንደ ገና ተሠራ፤ የኦክ እንጨቱም ተመልሶ በዙሪያው ተገጠመና በቀላል አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። ሩዝቬልት የፈለጉት ትልቅ ማዕድ ያለ ሥጋት የተዘረጋው ከሃምሳ ዓመት በኋላ፥ ከላይ ያለው ወለል በብረት ከተያዘ ወዲያ ነው ማለት ይቻላል። ማኪም በ1909 ዓ.ም. ስለ ሞቱ ከዚህ ሁሉ አንዱን አላዩም።

ትሩማን በማርች 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ወደ ቤቱ ተመለሱ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል በማዶ ሆነው የጠበቁትን ቤት የኖሩበት ዐሥር ወር ብቻ ነው፤ በጃንዩዌሪ 1953 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አስረክበው ወደ አገራቸው ወደ ሚዙሪ ሄዱ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ አሜሪካን በጐበኙ ጊዜ፥ በግንቦት 1946 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ አይዘንሃወር የተቀበሏቸው በዚሁ ከውጭ የጥንት፥ ከውስጥ የሁለት ዓመት በሆነው ቤት ነበረ።